ለደረቀ ቧንቧ የተሰጠ ምስጋና

እንግዳ ሲመጣ የቤትን ገመና ሰውሮ ሸጋ ሸጋውን ማሳየት የወገራ ሰው ወግ ነው። ወጉ ያኮራል እንጂ አያሳፍርም። ነገር ግን ወግም ቦታ ቦታ አለው። ከአምባ ጊዮርጊስ ወረድ ብላ የምትኖረው አሮጊቷ ሸዋአየሁ ይህን የተማረችው ዘግይታ ነው።

አምና የመንደሩ ቧንቧ ሲመረቅ ሹማምንቱ ከጎንደር የሬዲዮ ጋዜጠኛ ይዘው መጡ። የቧንቧው ገንዳ በዋዜማው በቦቴ መኪና እንደተሞላ ሸዋአየሁ በዓይኗ አይታለች። ያም ሆኖ መናገሪያው አፏ ስር ሲቀርብ፣ «ውሃው ደጃችን ገባ፤ መንግሥታችን ይኑርልን» አለች። እንግዳ ማሳፈር ነውር ነዋ!

ገንዳው በአራተኛው ቀን ደረቀ። ሴቶቹም ጀሪካን አዝለው ወደ ገደሉ ምንጭ ተመለሱ። ወረዳ ሄደው ቢያመለክቱ ጸሐፊው፣ «በሬዲዮ አመስግናችሁ የለ? ሥራው አልቋል ተብሎ መዝገቡ ተዘግቷል» ብሎ ሸኛቸው። ዘንድሮ ደግሞ የሸዋአየሁ ምራት አበቡ ከነጀሪካኗ ገደሉ ላይ አዳለጣትና እግሯ ተሰበረ። በቃሬዛ ሲያወጧት ሸዋአየሁ ከኋላ እየተከተለች ምላሷን ትረግም ነበር።

ወዲያው ምርጫ ደረሰ። የቀበሌው ሊቀመንበር ዓለምነው ደጇ ድረስ መጣ።

«እማማ፣ ነገ ሬዲዮ ይመጣል። እንዳምናው ሸጋ አድርገው ይናገሩ። ገንዳውም ይሞላል።»

«ምርጫው ሲያልፍስ ማን ይሞላዋል? አንተ ተሸክመህ?»

ጎረቤቷ አያ ማሩ ተቆጣ። «ምነው ሸዋአየሁ! እንግዳ ፊት ገመና ይወጣል? ጎንደር ሁሉ ይሳቅብን?»

«አያ ማሩ፣ እንግዳ በልቶ መርቆ ይሄዳል። ሬዲዮ ግን መልእክተኛ ነው። መልእክተኛን ሐሰት አሸክሞ የላከ ምን መልስ ይጠብቃል?»

በማግስቱ ያችው ያምናዋ ጋዜጠኛ ናዝራዊት መናገሪያውን ዘረጋች። ሸዋአየሁ ነጠላዋን አጣፋች።

«ልጄ፣ አምና በዚህ ሬዲዮ የዋሸሁ እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝ። ይህ ውሃ በቦቴ የመጣ ነው፤ በሳምንቱ ብትመጪ አታገኚውም። ምራቴ በእኔ ውሸት እግሯ ተሰብሮ ተኝታለች።»

«ይሄ ይቆረጥ!» አለ ዓለምነው።

ሸዋአየሁ ግን ለናዝራዊት፣ «አንቺስ ብትሆኚ፣ ጭብጨባውን ቀድተሽ ከመሄድ ተመልሰሽ ብታዪ ምን ነበረበት?» አለቻት።

ናዝራዊት አቀረቀረች። «እውነትዎን ነው፣ እማማ። አይቆረጥም» አለችና መናገሪያውን ወደ ዓለምነው አዞረች። «የእርስዎም መልስ አብሮ ይሰማል።»

ዓለምነው ላቡን ጠረገ። «ምንጩ... ከገንዳው ጋር ገና አልተገናኘም» አለ።

አያ ማሩ ሰዉን እየገፋ ወጣ። «ይሄ ጎንደር ድረስ ይሰማል?»

«ይሰማል፣ አባባ።»

«እንግዲያስ የእኔንም ስም ጥሪ። ማሩ ነኝ። አምና ያለ ውሃ አጨብጭቤያለሁ።»

ከእሱ ኋላ ሴቶቹ ተሰለፉ።

ወገኖቼ፣ ሹም የሚፈራው ሰሚ ያለውን እውነት ነው። ጋዜጠኛ ምስጋና ለቃሚ፣ ሕዝብ አጨብጫቢ ከሆኑ፣ ድምፃችን ከምርጫው ኮሮጆ ሳይደርስ መንገድ ላይ ባከነ ማለት ነው።

ዜናው ሐሙስ ተላለፈ፤ የተዘጋውም መዝገብ ተከፈተ። አበቡ ካልጋዋ ቀና ብላ፣ «እሜቴ፣ ዋሸሁ ብለው ባገር ፊት ተዋረዱ እኮ» አለቻት።

«ምን ቆርጦኝ!» አለች ሸዋአየሁ። «የተዋረድሁስ አምና ነው። ዛሬማ ኮራሁ!»