ወደ ግድቡ የዞሩ ወፎች

ፌና ትናንት ጠዋት የት ነበረች? ሴት አያቷ ሬንስከ ጥያቄውን ደጋግመው ያላምጡታል። የወፎች መጠለያው ጠባቂ ስዩርድ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ ከመመልከቻው ዳስ ሥር ኩሬ ውስጥ ተገኝቷል። የሞተው ጠዋት በሦስት ሰዓት ገደማ እንደሆነ ሐኪሙ ተናግሯል። በዋዜማው ደግሞ ፌና ስዩርድን በሰው ፊት «ባሌን ከነካህ ወየውልህ!» ብላው ነበር። ባሏ ያርኮ ለአንድ ፎቶ ሲል እንቁላል የታቀፉ ወፎችን ሲያስበረግግ ስለተያዘ፣ ስዩርድ ከመጠለያው ሊያስከለክለው ዝቶ ነበር።

አሁን መርማሪዋ ሆክስትራ ፌናን፣ ያርኮንና አያትየዋን በሬንስከ ማድቤት ሰብስባቸዋለች።

«በሦስት ሰዓት የት ነበርሽ?»

«የባሕሩ ግድብ ላይ በእግሬ እየሄድኩ ነበር» አለች ፌና።

«ማን አየሽ?»

«በጎቹ።»

«የኔ ልጅ ዝንብ አትገድልም!» ሬንስከ ጣልቃ ገቡ።

ያርኮ ካሜራውን አቀበለ። «እኔ ሌላኛው፣ ሩቁ ዳስ ነበርኩ። ይኸው ሰዓቱ፣ ጠዋት ሦስት።» በፎቶው አርባ የሚሆኑ ማንኪያ ምንቃር ወፎች ደረታቸውን ወደ ግድቡ ሰጥተው በአንድ እግር ቆመዋል።

ሆክስትራ አተኩራ አየችው። «እማማ፣ ትናንት ልብስ አጥበው ነበር አይደል?»

«ሁለቴ! ጠዋት ነፋሱ ከየብስ ነበር፤ አንሶላዎቼ ወደ ግድቡ ይበሩ ነበር። ከቀትር በኋላ ከባሕር ዞሮ ጨው ረጨብኝ። ወገቤ እስካሁን አልለቀቀኝም።»

«ወፍስ ሲያርፍ ፊቱን ወዴት ያዞራል?»

«ወደ ነፋሱ ነዋ! ጀርባውን ከሰጠውማ ላባውን ይገለባብጥበታል። ይሄን የመንደሩ ሕፃን ያውቀዋል።» ሬንስከ ቃሉ ካመለጣቸው በኋላ የያርኮ ፎቶ ትዝ ብሏቸው አፋቸውን ያዙ።

«ጠዋት ቢሆን ወደ የብሱ፣ ወደ መንደሩ በዞሩ ነበር» አለች ሆክስትራ ቀስ ብላ። «እነዚህ ግን ወደ ግድቡ፣ ወደ ባሕሩ ዞረዋል። ስለዚህ ፎቶው የተነሣው ከቀትር በኋላ ነው። ካሜራን ስለ ሰዓት ማዋሸት ቀላል ነው፤ አርባ ወፍ ማዋሸት ግን ከባድ ነው። በሦስት ሰዓት የት ነበርክ ያርኮ?»

ያርኮ ጠረጴዛው ላይ አፈጠጠ። «ገፋሁት እንጂ... ይወድቃል ብዬ አላሰብኩም። ከወፎቹ ሊለየኝ ነበር።»

«ፌናዬ» አሉ ሬንስከ እጃቸውን ዘርግተው፣ «እኔ እኮ የተናገርኩት አንቺን ለማዳን ብዬ...»

ፌና ኮቷን ከማንጠልጠያው አወረደች። ባሏንም አያቷንም ሳታይ ከቤቱ ወጣች።