የእማማ ድርሻ

«የእማማን አስቀድሜ ለይቻለሁ፣ አትስጊ» አለች የጤና ጣቢያው ፋርማሲስት። ከመስኮቷ ሥር ጎንበስ ብላ ቡናማ የወረቀት ከረጢት አወጣችና ከአባባ ከረጢት አጠገብ አስቀመጠችው። «የሚቀጥለውንም ወር እዚሁ ሥር ሸሽጌላቸዋለሁ። የግፊት መድኃኒት እያጠረን ነው። ያኔ አልቆባቸው እዚህ ደጃፍ ላይ የወደቁት ይበቃኛል። ለመሆኑ ደህና ናቸው?»

ጭራሮ ከረጢቶቹን እንጂ ፋርማሲስቷን አላየችም። «ደህና ናት።»

«አሁንም አክስትሽ ጋ ናቸው?»

«አዎ፣ አክስቴ ጋ ናት።»

«አይ እማማ! ሕፃን አቀፉና ረሱን በያ። ኮሪደሩ እኮ ጭር አለብን። የጥርስ ሐኪሙ እንኳ ‹ጣቴን የሚነክሰኝ ሰው ናፈቀኝ› እያለ ነው።» ፋርማሲስቷ ሳቀች። «ስትደውሉ ሰላም በይልኝ፣ እሺ?»

«እሺ።»

አክስቴ ጋ ናት ማለቷ ውሸት አልነበረም። እማማ የተቀበረችው አክስቷ ባለችበት ከተማ ነው።

ከረጢቶቹን ደረቷ ላይ አቅፋ ዞር ስትል ከኋላዋ የተሰለፈው የክፍሏ ልጅ ነበር። በስሙ የሚጠሩት መምህራን ብቻ ናቸው፤ ዴስክ ሲደበድብ ስለሚውል ለሌላው ሁሉ ዲጄ ነው። አሁንም የመስኮቱን ደፍ በጣቶቹ እየመታ ነበር።

«የአባቴን ልወስድ ነው» አለ።

ፋርማሲስቷ ወደ መደርደሪያው ዞራ ትንሽ ቆየች። «የኔ ልጅ፣ ግማሹን ነው የምሰጥህ። ለሁሉም ግማሽ ግማሽ እያደረግን ነው።»

የዲጄ ጣቶች ቆሙ። «ግማሹ ሲያልቅስ?»

«እስከዚያ የላኩልን ይደርሳል። እግዜር ያውቃል።»

ጤና ጣቢያው የመንግሥትም የነጋዴም አይደለም። የሠፈር ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር ነው የሚያስተዳድረው። መድኃኒቱ ከለጋሾች ስለሚመጣ አንዳንዴ ይትረፈረፋል፣ አንዳንዴ ይነጥፋል። አንድ ረጅም ኮሪደርና ግራና ቀኝ በሮች ናቸው፤ ካርድ ክፍል፣ የሲስተር ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ጥርስ፣ ዓይን። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለት ወንበርና አንድ የአበባ ማሰሮ ብቻ ያለበት፣ ሰው ገብቶ የልቡን የሚያወራበት የምክር ክፍል አለ። እማማ «ለጥርሴ ገብቼ ጉልበቴን ታይቼ እወጣለሁ» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ የአንዱ ክፍል ሰው ያየውን ከሌላው ጋር ስለሚመካከር፣ ጥርሷን የሚያየው ሐኪም የስኳሯን ነገር ያውቃል፣ ሲስተሯም እንቅልፍ እምቢ እንዳላት ሳይነገራት ትደርስበታለች።

እማማም ብትሆን የመጣችበት ጉዳይ አለቀ ብላ አትወጣም። እያንዳንዱን በር አንኳኩታ «እንደምን ዋላችሁ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ» ሳትል ወደ ቤት የለም። ጭራሮ በሐፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትወድ ነበር።

«እማማ፣ ሥራ ላይ ናቸው እኮ!»

«እኔስ? ሰላምታ ሥራ አይደለም ያለሽ ማነው? ነይ፣ አንቺ ጭራሮ፣ አንኳኪ!»

ይህን የቅጽል ስም ያወጣችላትም እሷው ናት። ቀሚስ ስትለካላት «ጨርቁ ተረፈኝ፣ ልጅቷ ግን አነሰችኝ» እያለች ትስቅ ነበር።

ከጤና ጣቢያው ሲወጡ ዲጄ የራሱን ትንሽ ከረጢት በእጁ መዘነው። «ያንቺ ሙሉ ነው፣ አይደል? አቦ ታድለሽ» አለ፣ ያለ ምንም ክፋት። «አባቴ እኮ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? አንድ ቀን እየዘለልኩ እውጠዋለሁ ይላል። ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ ነዳጅ እንደሚቆጥበው መስሎታል።»

አባቱ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ የሚኖሩት ሌላ ሠፈር ስለሆነ ስለ ልቅሶው አልሰሙም። ጭራሮ ልትስቅ ሞከረች፣ አልወጣላትም።

«እማማ መቼ ነው የሚመጡት? ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተተርትሯል፤ ከእሳቸው በቀር እንዳልተቀደደ አድርጎ የሚሰፋልኝ የለም።»

«እኔ እንጃ» አለችና መንገዱን ተሻገረች።

እማማ የሄደችው አራሷን የጭራሮን አክስት ልትጠይቅ ነበር። ጭራሮ የዓመቱ ትልቅ ፈተና ስላለባት ከአባባ ጋር ቀረች። ፈተናው ሊጀመር ሲል አንድ ጠዋት እማማ አራሷ ቤት እንደተኛች ቀረች። አባባ «አንዲት ጉዳይ አለችኝ፣ ደርሼ ልምጣ» ብለው ተነሡ፤ ጎረቤታቸው ከጭራሮ ጋር ልታድር መጣች። ጭራሮ ማታ ማታ «እማማስ?» ስትል ጎረቤቷ ድስቱን እያማሰለች «አክስትሽ ጋ ናት» ትላታለች። አባባም በስልክ «አክስትሽ ጋ ናት» አሏት። ጭራሮም አምና፣ ደስ ብሏት ታጠና ነበር። ለእማማ የምትነግራትንም ታጠራቅማለች። ፈታኙ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ሲያንኮራፋ፣ የራሱ ማንኮራፋት ቀስቅሶት «ዝም በሉ!» ብሎ እንደጮኸባቸው። የሒሳቡ የመጨረሻ ጥያቄ እማማ ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት በጣቶቿ የምታሰላው ዓይነት እንደነበር። የመጨረሻውን ወረቀት አስረክባ እየሮጠች ቤት ስትገባ ግን ቤቱ ጥቁር በለበሱ ሰዎች ተሞልቶ ቆያት። ሁሉም ያውቅ ነበር። እሷ ስትስቅ፣ እሷ ስታጠና፣ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ያጠራቀመችው ወሬ አሁንም እንዳለ ነው፤ የምታወርድበት አጣች።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ የሄደችው የአባባን መድኃኒት ብቻ ልታመጣ ነበር። አባባ ጉልበታቸው አላራምድ ብሏቸዋል። ፋርማሲስቷ እንደ ልማዷ ሁለት ከረጢት ሰጥታ «እማማስ?» ስትላት፣ ጭራሮ አፏን ከፈተች። የወጣው ለእሷ ሲነገራት የከረመው ቃል ነበር። ከተናገረችው በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ታወቃት፤ በዚያ ኮሪደር እማማ አልሞተችም። የጥርስ ሐኪሙ ይጠብቃታል። የምክር ክፍሉ ወንበር ይጠብቃታል። እንደዚያ ያለ ቦታ በዓለም ላይ ሌላ አልቀራትም። የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ከሌላ ሠፈር የሚመጡ ናቸው፤ የጎረቤት ሰዎችም ለእነሱ ጭራሮ የነገረቻቸው ስለሚመስላቸው ነገሩን አላነሱትም።

ዛሬም ቤት ገብታ ከረጢቱን በእማማ የስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ፣ ከበፊተኛው አጠገብ ደበቀችው። መሳቢያው እንደ ምንም ተዘጋ። አባባ ጠረጴዛው ላይ ለመድኃኒት መዋጫ ውኃ ቀድተው ነበር፤ በሁለት ብርጭቆ። ጭራሮ ስታይ አዩና፣ አንዱን ብርጭቆ አንሥተው ውኃውን ቀስ ብለው ወደ ማሰሮው መለሱት።

ወሩ ሳይጋመስ ዲጄ ዴስክ መምታቱን ተወ። መጀመሪያ የታዘበው የሒሳብ መምህሩ ነበር፤ «ዛሬ ኮንሰርት የለም እንዴ?» አለው። ክፍሉ ሳቀ፣ ዲጄ ግን ቀና አላለም። በዕረፍት ሰዓት ጭራሮ ግንቡ ሥር አገኘችው።

«ምን ሆነሃል?»

«አባቴ ትናንት ሚኒባሱን መንገድ ዳር አቆመው። ዓይኑ ጭልም አለበት። ተሳፋሪውን ሁሉ አውርዶ መሪውን ይዞ ተቀመጠ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሥራ አልወጣም።» ዲጄ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ሰው ጭኖ ነበር እኮ፣ ጭራሮ። ሰው ሞልቶ።»

በማግስቱ አንዱን ከረጢት በደብተሮቿ መካከል አድርጋ አመጣችና ግንቡ ሥር ሰጠችው። «እንካ። አንድ ዓይነት ነው። ለአባትህ።»

«የማን ነው?» ዲጄ ከላዩ የተጻፈውን አየ። ዓይኑ ፈጠጠ። «የእማማ? እሳቸው ምን ሊውጡ ነው?»

«እሷ… አያስፈልጋትም።»

«ተሻላቸው እንዴ?» ፊቱ በአንድ ጊዜ በራ። ከአባቱ ነገር ወዲህ ሲፈካ ማየቷ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ጭራሮ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። ዲጄ ይህን በራሱ መንገድ ተረጎመውና ከረጢቱን መልሶ እጇ ላይ ጫነው።

«ሰርቀሽባቸው ነው፣ አይደል? ላሽ በይ! የእማማን መድኃኒት ለአባቴ አጉርሼ እማማን ልግደልልሽ? ሲስተርም የሰው መድኃኒት አትንኩ ብላናለች።» ጥቂት ሄደና ተመለሰ። ድምፁ ለሰስ ብሎ ነበር። «ግን ተባረኪ። እውነቴን ነው።»

ያን ቀን ቤት ስትገባ አባባ በስፌት መኪናው ፊት ተቀምጠዋል። የሸሚዛቸው ቁልፍ ተበጥሶ መርፌ ፍለጋ መሳቢያውን ከፍተውታል። የቀረው ከረጢት ጭናቸው ላይ ነበር። ጭራሮ ሁለተኛውን ከቦርሳዋ አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችው። መደበቁ ሰልችቷት ነበር።

አባባ አልተቆጡም። ከላዩ የተጻፈውን አንብበው «እዚያ ስለ እሷ ጠየቁሽ?» አሉ።

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሽ?»

«አክስቴ ጋ ናት አልኩ።»

አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ከእኛ ነው የተማርሽው።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?» ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ጠይቃቸው አታውቅም። «ለእሷ የማወራውን እያጠራቀምኩ ነበር እኮ። እሷ አፈር ለብሳ፣ እኔ ወሬ አጠራቅማለሁ።»

«ፈተናሽ እንዳይበላሽ ነው። እሷም ብትሆን እንዲህ ታደርግ ነበር ብዬ…»

«አታደርግም ነበር።»

አባባ የተበጠሰውን ቁልፍ በመዳፋቸው አገላበጡት። «አዎ» አሉ በመጨረሻ። «አታደርግም ነበር። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ጭራሮ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። ክሩን በመርፌው አስገባችላቸው። ስለ ዲጄ አባት ነገረቻቸው። ከመስኮቱ ሥር ለእማማ ስለተቀመጠውም ጭምር።

«ነገ እንደ ምንም አብሬሽ ልሂድ?» አሉ አባባ።

«አይ። እኔ ነኝ ያልኩት። እኔ ልንገራቸው።»

በማግስቱ መስኮቷ ጋ ሰው አልነበረም። ፋርማሲስቷ ብልቃጥ እያጸዳች ነበር፤ ጭራሮን ስታይ ፈገግ አለች።

«ምነው በወሩ አጋማሽ? እማማ መጡ እንዴ?»

ጭራሮ ሁለቱን ከረጢቶች ደፉ ላይ አስቀመጠች። አንዳቸውም አልተከፈቱም።

«እማማ ሞታለች» አለች።

ቃሉን ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። ጮክ ብሎ የወጣ መሰላት፣ ግን በሹክሹክታ ነው ያለችው። «እኔ ፈተና ላይ እያለሁ ነው የሞተችው። ያን ጊዜ ሁሉ… ውሸቴን ነበር።»

ብልቃጡ በፋርማሲስቷ እጅ ውስጥ ቀረ። የጎን በሩን ከፍታ ወጣችና ጭራሮን አቀፈቻት። ነጭ ጋዋኗ አልኮል አልኮል ይሸት ነበር። «ነፍሳቸውን ይማር» አለች ጭንቅላቷ ላይ። «ነፍሳቸውን ይማር። አንቺስ? አንቺ ብቻሽን ይዘሽው ነበር?»

ጭራሮ ፊቷን ስታነሣ የፋርማሲስቷን ጋዋን አርጥባዋለች። «እነዚህን ለዲጄ አባት ስጪልኝ። ለሹፌሩ።»

ፋርማሲስቷ ከረጢቶቹን አየች፣ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። «አንዴ ቤት የገባ መድኃኒት ለሌላ ሰው አይሰጥም። ሙቀት ያግኘው፣ እርጥበት ያግኘው አናውቅም። እነዚህ ይጣላሉ።»

ጭራሮ መሪውን ይዞ መንገድ ዳር የተቀመጠውን ሰው አሰበችው። አላየችውም፤ ግን ደጋግሞ ይታያታል።

«ይሄኛው ግን ከእጄ አልወጣም።» ፋርማሲስቷ ተመልሳ ገባችና ጎንበስ ብላ የሸሸገችውን ከረጢት አወጣች። ከላዩ እማማ ብላ የጻፈችበት፣ ከጎኑ ትንሽ ልብ የሳለችበት ነበር። ከፍታ ለማውጣት እጇ ዘገየ። ከዚያ መድኃኒቱን አውጥታ በሌሎቹ መካከል መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፤ ባዶውን ከረጢት አጣጥፋ ለጭራሮ ሰጠቻት። «ለሹፌሩ አሁኑኑ እደውላለሁ። ሲስተርም ግፊቱን ታየዋለች። አንቺ ቤት ግቢና ዕረፊ። ለሌሎቹ ክፍሎች እኔ እነግርልሻለሁ።»

ጭራሮ ወደ ኮሪደሩ ዞረች። ከጥርስ ክፍሉ የሐኪሙ ሳቅ ይሰማል። ገና አልሰማም። ካርድ ክፍል፣ ሲስተር፣ ላቦራቶሪ፣ ዓይን፤ ሁሉም በሮች ገና አልሰሙም። በመጨረሻው በር ውስጥ ሁለቱ ወንበሮችና የአበባ ማሰሮው አሉ። እዚያ የምትገባው ልትነግር ብቻ አይደለም፤ ልትቀመጥ ነው። ስለሚያንኮራፋው ፈታኝ የሚሰማት ሰው ትፈልጋለች።

«አይ» አለች። «እሷም ብትሆን ሳታንኳኳ አትወጣም ነበር።»

የታጠፈውን ከረጢት ኪሷ ውስጥ ከተተችና ወደ ጥርስ ክፍሉ ሄደች። እማማ እንደምታደርገው፣ በጣት አንጓ ቀስ ብላ አንኳኳች።

«ይግቡ!» አለ ሐኪሙ፣ ሳቁን ሳይጨርስ።