ጫፉን የያዘው

ያላመነ ይተወው። እኔ ለማንም አልምልም። ስምል ኖሬ ማን አመነኝና?

ግን ሆኗል። በዚህ ክረምት፣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ወንድሜ ሣህሉ በተከራየው የድሮ ቤት ውስጥ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው...

አባታችን ሣህሉን አስተማረው። እኔን ከስድስተኛ ክፍል አስወጥቶ ቀፊራ ገበያ፣ ሸረፈዲን የሚባል ሽማግሌ ከረሜላ ቤት አስገባኝ። የሣህሉ ሚስት ስምረት እስካሁን እኔ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ለብቻ ነው የምታስቀምጠው። ያላየሁ ይመስላታል።

የዚያን ቀን ግን ለቅሶ ነበረባቸው። ሠራተኛዋም የለችም። ሲቸግራቸው ልጆቹን ለእኔ ተዉ።

"ሰይፈ ሚካኤል፣ አደራ!" አለችኝ ስምረት በር ላይ። "ናሁሰናይ ከዓይንህ እንዳይጠፋ።"

"ልጅ መጠበቅ አያቅተኝም" አልኳት።

ትልቋ ሰገል ናት። ናሁሰናይ ገና አምስት ዓመቱ ነው። የጎረቤት ልጅ ናስቲሆም ልትጫወት መጥታ ነበር።

ወዲያው ሰማዩ ጠቆረ...

በረዶ ወረደ። ድሬ ላይ በረዶ! ግቢው ነጭ ሆነ። መብራት ጠፋ።

"ወላሂ ጨው ነው የሚመስለው!" አለች ናስቲሆ።

"አቦ ተይ፤ ጨው ቢሆን እናትሽ እስካሁን ቀፊራ ወስዳ ትሸጠው ነበር" አለቻት ሰገል። ተሳሳቁ።

በረዶውን ትሪ ሙሉ አፍሰው ገቡ። ሳየው የሸረፈዲን ከረሜላ ትዝ አለኝ። ስኳሩን በሎሚ ታፈሉታላችሁ። ክር መሥራት ሲጀምር ቀዝቃዛ ነገር ላይ ታፈሱታላችሁ። ከዚያ ሳይደርቅ ለሁለት ሆኖ መጎተት ነው፤ ማጠፍ፣ እንደገና መጎተት፣ እስኪነጣ ድረስ።

በከሰል አፈላሁት። በረዶው ላይ አፈሰስኩት።

የፈላ ስኳር በረዶ ሲነካ ይጮኻል።

ይሄ አልጮኸም።

በረዶውም አልቀለጠም...

"አጎቴ፣ ለምንድነው የማይቀልጠው?" አለች ሰገል።

"አባትሽን ጠይቂው፤ የተማረው እሱ ነው።"

እጃችንን ዘይት ተቀባን። ሸረፈዲን አንድ ሕግ ነበረው። ጫፉን ለሰው ስትሰጥ ስሙን ጠርተህ ነው የምትሰጠው። ሰውየው ኑሪ ከሆነ "ኑሪ፣ ያዝ!" ይባላል እንጂ ዝም ብሎ "ያዝ" አይባልም። ያልተዘጋጀ ሰው እንዳይቃጠል ነው ብዬ አስብ ነበር።

"ሰገል፣ ያዢ!" አልኩ።

ይዛ ወደ ኮሪደሩ ሄደች። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ መብራት ከሌለ ድቅድቅ ይላል። አንዴ ጎተትን። ሁለቴ...

"አቃጠለኝ!" ብላ ለቀቀችው። ጣቷን እየጠባች በአጠገቤ አለፈች።

ንድድ አለኝ። አንድ ቀን እንኳ አንድ ነገር አያምርልኝም?

"ኧረ ማንም ይሁን ጫፉን ይያዝልኝ! መሬት ሊነካ ነው!"

ጫፉ ጨለማው ውስጥ ከፍ አለ።

ተያዘ።

ስስብ ያላላል። ሳላላ ይስባል። እንደ ለመደ ሰው። ከሸረፈዲን ቤት ወዲህ እንዲህ ያለ እጅ ገጥሞኝ አያውቅም።

"ጎሽ ናስቲሆ! ማን አስተማረሽ?"



ከኋላዬ አንድ ሰው ሸሚዜን ጎተተ።

"አዴር..." ናስቲሆ ናት። አጎት ለማለት እንዲህ ነው የምትለኝ። "እኔ እዚህ ነኝ።"

ዞር አልኩ። ሰገልና ናስቲሆ ተቃቅፈው ቆመዋል።

"ናሁስ?"

"ውሃ ጠማኝ ብሎ ሄደ..." ሰገል በጣቷ ወደ ኮሪደሩ አሳየችኝ።

"ናሁ!" አልኩ በሹክሹክታ። ለምን በሹክሹክታ እንደሆነ አላውቅም።

"አቤት።" ከጨለማው ውስጥ ነው።

"ና ውጣ።"

"እንቢ... አጎትህን እንዳይለቅ በለው አለኝ።"

"ማን?"

"ዝም በል አለኝ።"

ስኳሩ ሳበኝ። የልጅ ጉልበት አይደለም። ጫማዬ ተንሸራተተ። ስኳሩ እየደረቀ ነው፤ ሊሰበር ነው። ቢሰበርስ?... የስምረት አደራ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ።

የመጣልኝን ጮህኩ።

"ናሁሰናይ፣ አንተ ያዝ! ይዘህ ና!"

ላላ።

ናሁ ጫፉን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። አልተቃጠለም። እጁን ብነካው ቅዝቅዝ ብሏል።

"ጫፉን ሰጠኝ" አለ። "ካሁን ወዲያ ያንተ ነው አለኝ።"

ስምረት መጥታ ልጁን ስታቅፍ ደነገጠች። "ምን አድርገኸው ነው እንዲህ የቀዘቀዘው?"

የሆነውን ነገርኳት። ሣህሉ ሳቀ። "ጠጥቶ ነው" አለ እዚያው ፊቴ። ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትደርስ ተባልኩ። ይሁን፤ ለምጄዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ስምረት ነበረች። ደውላልኝ አታውቅም።

"ሰይፌ..." ድምጿ በቅጡ አይሰማም። "ወንድሜ... ድረስልኝ።"

በባጃጅ ከነፍኩ። ፀሐዩ ይፋጃል። ሰገል በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

ናሁ ኮሪደሩ አፍ ላይ ቆሟል። ያኔ የስኳሩን ጫፍ እንደያዘው ሁለት እጁን ጨብጦ ወደ ጨለማው ዘርግቷል። ስምረት ከኋላው ወለሉ ላይ ተቀምጣ ወገቡን ይዛለች።

"ልቀቅ በለው" አለችኝ። "አንተን ይሰማሃል።"

"ናሁዬ... ልቀቅ።"

ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋ። መዳፉ ባዶ ነው።

"እኔ ለቅቄያለሁ፣ አጎቴ" አለ።

እግሩ ግን ወለሉ ላይ ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። እናቱም አብራው...

ከኋላ ተጠምጥሜ ስምረትን ያዝኳት። ተረከዜን ንጣፉ ላይ ተከልኩ።

ቀስ እያለ... ተረከዜ ሲፋቅ ሰማሁት።