ያልተደገመው ዜማ

ንጉሡ ከግንቡ ጫፍ ወደ ኋላ ሲወድቅ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ።

በዚያ በጋ ከተማው በትርኢት ተጥለቅልቆ ነበር። በየአጥሩ ፖስተር፣ በየአዳራሹ ድራማ። ሰው የተሻማው ግን በዚህ ኦፔራ ላይ ነው፤ ያሻማውም ይኸው አወዳደቅ። ንጉሡ ሠርጉን ከሸኘ በኋላ ጀርባውን ለገደል ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ይወርዳል። ከታች ወፍራም ፍራሽ እንደሚቀበለው ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም ትንፋሹን ይይዛል። ጭብጨባው ጋብ ያለው ከግንቡ ሥር የሴት ጩኸት ሲሰማ ነበር። እሱንም ቢሆን ብዙዎቹ የትርኢቱ ክፍል መስሏቸዋል።

ሟቹ በድምፁ ግዝፈት «ነጎድጓድ» የሚባል ዝነኛ ድምፃዊ ነበር። ፖሊስ ሲደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ገላጣው የቲያትር ግቢ እንደ ምድጃ ይፋጃል።

ለምርመራው የመጣውን ኢንስፔክተር ባልደረቦቹ «መርፌ» ይሉታል። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩና ልጅነቱ ያለፈው ከስፌት መኪና ሥር ቁልፍ ሲለቅም ነው፤ ደግሞም ሳይታወቅ ገብቶ ክሩን ይዞ ይወጣል።

መርፌ አስከሬኑን ከማየቱ በፊት ቆሞ ዙሪያውን ቃኘ። ነጎድጓድ በድንጋዩ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ባለ ጎማው ፍራሽ ከግንቡ ሥር ካለው በር ግማሽ አካሉን ብቅ አድርጎ ቆሟል። አጃቢዎቹ ሴቶች ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ ሁሉም የሠርግ ነጭ ለብሰዋል። የአንዷ ጀርባ ቁልፉ ተፈትቶ ክፍት ነው፤ ሌላዋ በነጩ ላይ አንድ ጥቁር እጅጌ አጥልቃለች። የሟቹ ሚስት፣ በትርኢቱም ሙሽራ ሆና የምትጫወተው፣ ከራስጌው ተንበርክካለች። ከአንገት እስከ እግር ጥቁር ለብሳለች።

ሐኪሙ ቀና ብሎ፣ «ጭንቅላቱ ነው። ወዲያው ነው ያለፈው» አለ። «የግራ ክንዱን እይ። የቆየ ስብራት ነው፤ ብረት ገብቶለታል። ክርኑ እንኳ በቅጡ አይዘረጋም።»

መርፌ ጠባሳውን በጣቱ ተከተለ።

በመጀመሪያ የጠራው ፍራሽ ገፊውን ነው። «ብሎን» ይሉታል፤ ኪሱ ብሎን አይጠፋውም። ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ እንደ ልጅ ይነፋረቅ ነበር።

«ዘግይተሃል ይላሉ» አለው መርፌ።

«አልዘገየሁም ጌታዬ! ሴቶቹ የሚወጡት በዚያችው በር ነው፤ ፍራሹን ቀድሜ ባወጣ መንገድ ይዘጋባቸዋል። የመጨረሻዋ ስታልፍ መግፋት እጀምራለሁ። ሁሌ ቦታው አድርሼው፣ ላቤን ጠርጌ፣ ጊዜ ይተርፈኛል። ዛሬ ገና ስጀምር ሰውዬው ከላይ መጣ። እኔ እንጃ! አእምሮዬን ነው የምጠረጥረው።»

«ጠጥተህ ነበር?»

«ቀን አልጠጣም። ስጠጣም ሥራዬን ጨርሼ ነው።»

«ባለፈው ሳምንት ሰው ፊት በጥፊ መቶሃል።»

ብሎን አፍንጫውን ጠረገ። «መቶኛል። ግን በጥፊ የመታኝን ሁሉ ብገድል ኖሮ እናቴም አትተርፍም ነበር።»

መርፌ ፈገግታውን ዋጥ አድርጎ አሰናበተው።

የሟቹ ሚስት መልበሻ ክፍሏ ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ጠበቀችው። እንባዋ ደርቋል።

«ያንን ሰካራም ካላሰራችሁት ማንን ልታስሩ ነው?» አለች ገና ሳይቀመጥ።

«እሱ ሲወድቅ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከግንቡ ጎን። ከውድቀቱ ቀጥሎ የምገባው እኔ ነኝ፤ ባሌ ሞቶብኝ ጥቁር ለብሼ አለቅሳለሁ።» ድምጿ ተሰበረ። «እግዜር ያሳይዎት፤ የጨዋታውን ልብስ ለብሼ እውነተኛው ኀዘን መጣብኝ።»

«ነፍስ ይማር። ክንዱ ምን ሆኖ ነበር?»

ጥያቄው ያልጠበቀችው ነበር። «የድሮ ነው። ሳንጋባ። ከፈረስ ወድቆ።»

መርፌ አመስግኗት ወጣ። ከዚያ ከመድረኩ ፊት ወዳለው የሙዚቀኞች ጉድጓድ ወረደ። ከበሮ መቺው ብቻውን ቀርቶ ከበሮውን በጨርቅ ይሸፍን ነበር።

«ከዚህ ሆናችሁ መድረኩ አይታያችሁም?»

«የት ታይቶን! እኛ የምናየው የመሪውን እጅ ብቻ ነው። እሱ ሲል እንጀምራለን፣ እሱ ሲል እናቆማለን።»

«ነጎድጓድ በምን ምልክት ነበር የሚወድቀው?»

«በእኔ ከበሮ። ‹ከበሮው ሲመታ እግሬ ራሱ ያውቃል› እያለ ይፎክር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ዛሬ የተለየ ነገር ነበር?»

«ምንም። ሙቀቱ ነው እንጂ። የሠርጉን ማርሽ ሳንደግም ስላለፍን እንዲያውም ተመስገን ብያለሁ።»

መርፌ ቀስ ብሎ ከደረጃው ላይ ተቀመጠ። «ማርሹ ይደገማል?»

«ሴቶቹ ሲወጡ አንድ ጊዜ፣ ከወጡ በኋላ አንድ ጊዜ። መሪው ጡጫውን ከጨበጠ ‹አትድገሙ› ማለት ነው። ሙቀት በበረታ ቀን ሌሎቹን ዜማዎች እንዲህ እያደረገ ያሳጥራል። ይችን ሲያሳጥር ግን...» ከበሮ መቺው አፉን እንደ ከፈተ ቀረ። ዓይኑ ከከበሮው ወደ ገዛ እጆቹ ወረደ። «ጌታዬ... እኔ ነኝ የመታሁት?»

«አንተ የታዘዝከውን ነው የመታኸው» አለው መርፌ ትከሻውን ይዞ። «እስከ ነገ ግን አፍህን ዝጋልኝ።»

የኦርኬስትራው መሪ ሸምገል ያለ፣ ሸሚዙ በዚያ ሙቀት እንኳ ያልተጨማደደ ሰው ነው። መርፌን እንዳየ ሳይጠየቅ ተናገረ።

«እኔ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሜ ነበር። የምረዳዎት ነገር የለኝም።»

«ቤተሰብ አለዎት?»

መሪው ቀጭን ዘንጉን ወደ ማኅደሩ መለሰ። «ሴት ልጅ አለችኝ። ትዘፍን ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን በመስኮት ታያለች።»

በማግስቱ ጠዋት መርፌ የመሪውን ቤት አንኳኳ፤ መሪው ወጥቶ ነበር። ልጅቱ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ራሷ ከፈተችለት። የነጎድጓድን ሞት ሰምታ ሌሊቱን ስታለቅስ እንዳደረች ዓይኗ ይመሰክራል።

«ታውቂው ነበር?»

«ሕይወቴን ነው የሰጠኝ» አለች። «አብረን ስንጫወት ከድልድይ ላይ ዘልዬ ክንዱ ላይ የማርፍበት ቦታ ነበር። አንድ ቀን ቸኮልኩ፤ ዜማው ሳይደርስ፣ እሱም ፊቱን ሳያዞር ዘለልኩ። ሲያየኝ ተወርውሮ በግራ ክንዱ ያዘኝ። ክንዱ ከሥሬ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ያ ክንድ ባይኖር ጀርባዬ ብቻ አልነበረም የሚሰበረው።»

«ማን ነበር አብሯችሁ?»

«ሚስቱ። ሁለታችንንም አቅፋ ሆስፒታል ያደረሰችን እሷ ናት። አባዬ ያን ጊዜ ሌላ አገር ነበር። የዚያ ጊዜ ሰዎችም ተበታትነዋል።»

«አባትሽ ይህን ያውቃሉ?»

ልጅቱ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። «ስለዚያ ቀን አፌን ስከፍት ተነሥቶ ይወጣል። አንድ ጊዜ ‹አባዬ ስማኝ› ስለው ፒያኖውን ከፍቶ ይመታ ጀመር።»

መርፌ ለመውጣት ተነሣ። ከዚያ፣ «ዛሬ ከሰዓት ቲያትር ቤቱ ትመጪልኛለሽ?» አላት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ባዶው መድረክ ላይ ተሰበሰቡ፤ መሪው፣ የሟቹ ሚስት፣ ብሎን፣ ከበሮ መቺውና አጃቢዎቹ ሴቶች። መሪው ልጁን ከመግቢያው ሲያያት ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እሷን ለምን አመጣችኋት?»

«ይቀመጡ» አለ መርፌ። «ሁላችሁም የምትሉት አንድ ነው፤ ብሎን ዘግይቶ ሰው ገደለ። እኔ ግን ትናንት እዚህ ስደርስ ያየሁት ፍራሹን አይደለም፣ ቀሚስ ነው። እናንተ፣ ከውድቀቱ በኋላ ምን ለብሳችሁ ነበር የምትገቡት?»

«ጥቁር» አለች ከአጃቢዎቹ አንዷ። «ማርሹ ሲደገም ቀይረን እንጨርሳለን።»

«ትናንት ግን አንዷ ቁልፏን ፈትታ፣ አንዷ አንድ እጅጌ አጥልቃ ነበር። እናንተም ዘግይታችሁ ነው? ብሎን ዘገየ እንበል። ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቅጽበት ይዘገያሉ? የዘገየ ሰው የለም። ዜማው ነው የቸኮለው።»

ብሎን በሁለት እጁ አፉን ያዘ።

«ዜማውን የሚያስቸኩል ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሙዚቀኞቹ መድረኩን አያዩም። ነጎድጓድ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እግሩን ለከበሮው አስረክቧል። አንድ ጡጫ ተጨበጠ፣ ማርሹ ሳይደገም ቀረ፣ ከበሮው ተመታ። ሰው ሁሉ እያየ፣ ማንም ሳያይ።»

ዓይን ሁሉ ወደ መሪው ዞረ። መሪው አልተንቀሳቀሰም።

«ልጄን ጣላት» አለ በመጨረሻ፣ በተረጋጋ ድምፅ። «አልጋው አልወጣም ስላለችው፣ ክንዱ ላይ ልታርፍ ስትዘል ፈቀቅ አለባት። እሷ ወንበር ላይ ቀረች፤ እሱ በየመድረኩ እየወደቀ ይጨበጨብለታል። አንድ ቀን የሚቀበለው ሲያጣ እንዲያየው ፈለግሁ። አልጸጸትም።»

«ፈቀቅ ማለቱን ማን ነገረዎት?»

መሪው ሳያስበው ዓይኑን ወደ ሟቹ ሚስት ጣለ።

«እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት» አለ መርፌ። «እርስዎ፣ እመቤት፣ ክንዱ ከፈረስ ወድቆ ሳትጋቡ እንደ ተሰበረ ነገሩኝ። የተሰበረው ግን ይችን ልጅ ሲይዝ ነው፤ እርስዎም አጠገቡ ነበሩ።»

«ሲይዝ?» አለ መሪው።

«አዎ፣ ሲይዝ። ሌላም አለ። ትናንት ከሴቶቹ ሁሉ ጥቁሩን ለብሰው የተገኙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከሌሎቹ ጋር ነው የወጡት፤ እነሱ ያልደረሱበትን እርስዎ በምን ቀደሙ? የሠርግ ቀሚስዎን መልበሻ ክፍል ፈልጌ አጣሁት። ከግንቡ ጎን ከመጋረጃው ጀርባ ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ ቁልፎቹ በጥድፊያ ተበጥሰዋል። ጥቁሩን ከነጩ ሥር ለብሰው ነው የገቡት። ዛሬ ማርሹ እንደማይደገም ያውቁ ነበር።»

ሴትዮዋ ለመካድ አፏን ከፍታ ተወችው። አገጯን ቀና አደረገች።

«አውቅ ነበር። መሪው ነግሮኛል። ባሌ እዚያ ተጋድሞ ዓይኑ ከተከፈተ መጨረሻ የሚያየው እኔን በጥቁር እንዲሆን ፈልጌ ነው። ቤት ድምፄን ከፍ ሳደርግ በጥፊ፣ መድረክ ላይ ከፍ ሳደርግ በስድብ ሲያሳርፈኝ ኖረ። በሚቀጥለው በጋ ደግሞ ሙሽራነቱን ለአንዲት ትኩስ ልጅ ሊሰጥ፣ እኔን ከኋላ ከአጃቢ ሊያሰልፈኝ ነበር። ሞቶ እንኳ ጭብጨባውን አልቀማሁትም።»

«ዋሸሽኝ?» አለ መሪው። ድምፁ ከየት እንደ ወጣ አይታወቅም። «ጋሼ እያልሽ፣ ቤቴ መጥተሽ፣ እያለቀስሽ...»

«መስማት የምትፈልገውን ነው የነገርኩህ። ከአፌ ሳይወጣ ነው የዋጥከው! እውነቱን ብትፈልግ ኖሮ ልጅህ ቤትህ ውስጥ ተቀምጣልህ ነበር።»

መሪው ወደ ልጁ ዞረ። የተቀመጠበትን ወንበር መደገፊያ ያዘ። «ልጄ... ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝም» አለች ልጅቱ። አታለቅስም ነበር። «ያ ሰው ክፉ ነበር፤ በሚስቱ ላይ ያደረገውንም ሁላችንም እናውቃለን። ለእኔ ግን ክንዱን ሰጥቶኛል። አንተ ጆሮህን መስጠት አቃተህ። አሁን ደግሞ በእኔ ስም ገደልከው።»

ወንበሯን ራሷ አዞረችና ወደ መውጫው ሄደች። ብሎን እየሮጠ ሄዶ በሩን ከፈተላት።

ሁለቱም ተፈረደባቸው። ሴትዮዋ ፍርድ ቤት ቆማ፣ «ዳግም ቢወለድ ዳግም ጥቁር እለብስለታለሁ» አለች፤ በኋላም አልተለሳለሰችም። ከበሮ መቺው ሙያውን ትቶ የሙዚቃ መሣሪያ ጥገና ገባ። ልጅቱ በአባቷ ላይ የመሰከረችው ማንም ሳያስገድዳት ነው፤ ዳኛው «በፍርዱ ላይ ቅሬታ አለሽ?» ሲሏት «የለኝም» ብላ ወጣች።

መሪው እስር ቤት በጥየቃ ቀን ሸሚዙን አስተካክሎ ከሁሉ ቀድሞ በር በሩን እያየ ይቀመጣል። የሌሎቹ ዘመዶች መጥተው፣ አውርተው፣ ተሰናብተው ይሄዳሉ። ልጁ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቀችውም።