ጋሽ ዱባለን ያላሳመነው ንግግር

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተር ውባንቺ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር ዘርግታ ነበር። ቅዳሜ ነው፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት አልፏል። ሠላሳ ዓመት የፖሊስ ጫማ የለመደ እግር ማረፍ ሲጀምር ያብጣል። ጡረታ ለመውጣት አሥራ አራት ወር ቀርቷታል።

«አብነት አጠገብ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው» አላት የፈረቃው ኃላፊ። «አንድ አዛውንት መምህር ከደረጃ ወድቀው ሞተዋል። አደጋ ይመስላል። አይተሽ ፈርመሽ ተመለሽ።»

አደጋ ይመስላል የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማችው አታውቅም። ጫማዋን በግድ አጠለቀች።

ትምህርት ቤቱ በገበያ ሕንፃዎች መሃል የተጨመቀ ነው። ከግቢው ጀርባ አሮጌ አዳራሽ አለ፤ ወደ ላይ የሚያወጣው የብረት ደረጃ በውጭ በኩል ነው። ሟቹ ከደረጃው ግርጌ ሲሚንቶው ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ጋሽ ዱባለ ይባላሉ። ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ጡረታ ከወጡ ሰባት ዓመት ቢሆናቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ፣ ያለ ክፍያ፣ የክርክር ክበቡን ተማሪዎች ያሠለጥኑ ነበር።

ውባንቺ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ጭንቅላታቸው ከኋላ ነው የተመታው። መነጽራቸው አልተሰበረም፤ ታጥፎ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ተቀምጧል። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ካርድ አለች፦ «ሀፍሷ — ተቃዋሚ» ይላል፣ በእስክሪብቶ። አንገታቸው ላይ ደግሞ የስፖርት መምህራን የሚይዙት ዓይነት ስቶፕዎች ተንጠልጥሏል። አገላብጣ አየችው። ቁጥሩ ይሮጣል። አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ፤ ሃያ ሦስት ሊሆን ነው።

የእጅ ሰዓቷን አየች። አምስት ከአርባ። ሁለቱንም ጽፋ ተነሳች፤ ጉልበቷ ቋ አለ።

የበሩ ጥበቃ ማሙሸት ቆቡን በሁለት እጁ እያሻሸ ይጠብቃታል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«አምስት ሰዓት ሲሆን የክበቡ ልጆች መጡ፤ አዳራሹን ልከፍትላቸው ስመጣ... እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።»

«ሲወድቁ ድምፅ አልሰማህም?»

«በምን ጆሮዬ ኢንስፔክተር! መብራት ጠፍቶ የጎረቤት ሕንፃ ጄኔሬተር ተነስቶ ነበር። እሱ ከተነሳ ጥሩምባ ቢነፋም አይሰማ።»

«መብራቱ ስንት ሰዓት ሄደ?»

«አራት ከአሥር ላይ። የሀፍሷ አባት ጋሽ አብደላ መጥተው ነበር፤ እሳቸውን ሸኝቼ በሩን ስዘጋ ነው ድርግም ያለው። የመጣው አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው።»

«ከእሳቸው በኋላ የገባ፣ የወጣ?»

«ልጆቹ እስኪመጡ ድረስ ማንም። ግቢ ውስጥ የነበሩት ጋሽ ዱባለ፣ ቲቸር ሰዓደትና ምክትል ርዕሰ መምህሩ ብቻ ናቸው።»

ውባንቺ የጎረቤቱን ሕንፃ ጥበቃ በአጥሩ ላይ ጠርታ ጠየቀችው። ሰውየው ሰዓቱን ሳይጠራጠር ነገራት፤ ከማሙሸት ጋር ገጠመ።

ተማሪዎቹ ከዛፉ ሥር ተኮልኩለዋል። ሀፍሷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የክበቡ አንደኛ ተናጋሪ። ዓይኗ አብጧል። ጠርዙ የተበላ ደብተር እቅፏ ውስጥ ይዛለች።

«ዛሬ ምን ልትከራከሩ ነበር?» አለቻት ውባንቺ ከአጠገቧ እየተቀመጠች።

«የመርካቶ አሮጌ ሱቆች ፈርሰው ፎቅ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚል ነው። ትናንት ዕጣ አወጣን። ለእኔ ይፍረሱ የሚለው ወገን ደረሰኝ።»

«አባትሽ ሱቅ የላቸውም?»

አንገቷን ደፋች። «አለው። ከአያቴ የወረሰው። ማታ ስለማመድ ሰምቶኝ ተጣላን። ቲቸር ዱባለ ግን ለማታምኑበት መሟገት ካልቻላችሁ የምታምኑበትንም አታውቁትም ነበር የሚሉን።»

«ስትናገሩ እንዴት ነበር የሚያዳምጧችሁ?»

«መነጽራቸውን ያወልቁና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ፊታችሁን ካየሁ አዝንላችኋለሁ፣ ድምፃችሁን ብቻ ነው የምሰማው ይላሉ። ስቶፕዎቹን ይጫኑና በል አሳምነኝ፣ በይ አሳምኚኝ። ስንጨርስ ያቆሙታል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።» ደብተሯን ገለጠች። «ይኼ የአሥረኛ ክፍል ነው። የመጀመሪያ ቀን ያስጻፉን፦ እህል በረንዳ ውስጥ ኩንታል የተሸከመ ሰው ምክንያት አይደረድርም፤ መንገድ ብሎ ይጮሃል። ዋና ነጥባችሁን እንደዚያ ተናገሩ።»

ደብተሯን መልሳ አቀፈች። ውባንቺ ትከሻዋን ይዛ ትንሽ ቆየች።

ሰዓደት ወጣት የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ የክበቡ ረዳት አሠልጣኝ። ከጋሽ ዱባለ ጋር ባለፈው ሳምንት ሰው ፊት ተጨቃጭቀዋል። እሷው ሳትጠየቅ ተናገረችው።

«ተጣልተናል፤ አልደብቅም። ልጆቹ ቶሎ በእንግሊዝኛ ይጀምሩ አልኩ፤ እሳቸው መጀመሪያ በአማርኛ አስበው ይናገሩ አሉ። ተሳስቻለሁ ብዬ ዛሬ ልነግራቸው ነበር።»

«ከአራት እስከ አምስት ሰዓት የት ነበርሽ?»

«መምህራን ክፍል። ብቻዬን። መብራት ስለሌለ መስኮቱ ጋ ተጠግቼ የፈተና ወረቀት አርም ነበር።» ፈራ ተባ ብላ ጨመረች፤ «ያየኝ ሰው የለም።»

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሀብተሚካኤል ኢንስፔክተሯን ቢሮው ውስጥ ተቀበላት። ከወንበሩ ተነስቶ ወንበር ሳበላት። ልብሱ የተተኮሰ፣ ድምፁ የለዘበ፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ነው። ግድግዳው ሥር ከማተሚያ ቤት የመጡ ካርቶኖች ተደርድረዋል።

«ትልቅ ሰው አጣን» አለ። «እኔንም አሥረኛ ክፍል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በዚያ ጉልበታቸው ያን ደረጃ ተዉት ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛቸው ነበር!»

«ዛሬ አግኝተዋቸዋል?»

«አላገኘኋቸውም። ትናንት ማታ እንደተለያየን ነው። ጠዋቱን ሙሉ እዚሁ ነኝ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ የውድድሩን ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ስጽፍና ሳትም ቆየሁ። አምስት ሰዓት ላይ የማሙሸትን ጩኸት ሰምቼ ነው የወጣሁት።» በረጅሙ ተነፈሰ። «ልጆቹ ናቸው የሚያሳዝኑኝ። ያቺ ሀፍሷ እንኳ ለአባቷ ሱቅ ልትሟገት ስንት ተዘጋጅታ!»

ውባንቺ ብዕሯን ለአፍታ ገታ አድርጋ እንደገና ጻፈች። «ካርቶኖቹ ምንድን ናቸው?»

ፊቱ በራ። አንዱን ከፍቶ ቀጭን መጽሐፍ ሰጣት። «የማሳመን መንገድ» ይላል፤ ከሥሩ የእሱ ስም አለ። «የብዙ ዓመት ድካሜ ነው። ትናንት ደረሰ። ለማስታወሻ ይውሰዱ።»

አመስግና ወጣች። ሬሳው እስኪነሳ ድረስ ጥላ ሥር ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ገለጠችው። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ አንብባ መለሰችው፤ ደግማ አነበበችው። ኩንታል የተሸከመው ሰው እዚያም መንገድ ብሎ ይጮሃል። መጽሐፉን ዘጋችና ዓይኗን በመዳፏ አሸች። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ሲታያት ደስ አላላትም፤ ይልቁንም ድካሟ ባሰ።

አንድ ነገር ቀርቷታል። ጋሽ አብደላ ጋ በእግሯ ሄደች። ብርድ ልብስና ምንጣፍ የሚያከፋፍሉባት ሱቅ አሮጌ ናት፤ ቆርቆሮዋ የዛገ፣ የበሯ እንጨት በእጅ ብዛት የለሰለሰ። ሰውየው የመምህሩን ሞት ሰምተው ምንጣፍ ክምር ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ አብደላ፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄደው ነበር። ለምን?»

«ልጣላ» አሉ ሳያቅማሙ። «ወላሂ ልጣላቸው ነበር የሄድኩት። ልጄ ሰው ሰብስባ የአባቴ ሱቅ ይፍረስ ስትል እንዴት ልስማ? እሳቸው ግን ወንበር ሰጡኝ። ዝም ብለው አዳመጡኝ። ስጨርስ፣ ልክ ነዎት፣ ለዛሬ ወገኗን እቀይርላታለሁ፣ አይፍረስ ብላ ትሟገት አሉኝ።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። እኔም ለምኜ ማስቀየሬን ልጄ እንዳትሰማ ብዬ አስማልኳቸው፤ እንደ ራሳቸው ሐሳብ አድርገው ሊነግሯት ነበር። ካርድ ላይ ጻፉና ኪሳቸው ከተቱት። እኔም ወጥቼ ሱቄን ከፈትኩ። የጎረቤት ነጋዴዎች አይተውኛል፤ ጠይቂያቸው።» ሻላቸውን ከትከሻቸው አንስተው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ጎረቤቶቹን ጠየቀች። አራት ተኩል ሳይሆን ሱቃቸው ውስጥ ነበሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም አሮጌው አዳራሽ ሰበሰበች። ማሙሸት በሩ ጋ ቆመ። ሰዓደትና ሀፍሷ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ጋሽ አብደላ ከልጃቸው ጎን። ሀብተሚካኤል ለብቻው እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። ሁለት ፖሊሶች ከደረጃው አናት ቆሙ። ውባንቺ ወደ መድረኩ አልወጣችም፤ ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ብዙ አላስቀምጣችሁም» አለች። «ጋሽ ዱባለ ደረጃ ሲወርዱ አልነበረም የወደቁት። ሲወርድ የሚወድቅ ሰው ብዙውን ጊዜ በፊቱ ነው የሚደፋው፤ እሳቸው በጀርባቸው ነው የወደቁት። መነጽራቸው ኪሳቸው ውስጥ ታጥፎ ነበር። ሀፍሷ፣ መነጽራቸውን መቼ ነው የሚያወልቁት?»

«ሰው ሲያዳምጡ» አለች ልጅቷ በቀስታ።

«ስለዚህ ደረጃው አናት ላይ፣ ጀርባቸውን ለደረጃው ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ሰው ያዳምጡ ነበር። ስቶፕዎቹ እኔ አምስት ከአርባ ላይ ሳየው አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ቆጥሯል። ይህ ማለት ሰውየው መናገር የጀመረው አራት ከአሥራ ስምንት ላይ ነው። ንግግሩ ሲያልቅ ማቆም ልማዳቸው ነበር፤ ለማቆም ጊዜ አላገኙም። በዚያ ሰዓት ጋሽ አብደላ ወጥተዋል። ማሙሸት በሩን ዘግቷል።»

«እኔም ግቢ ውስጥ ነበርኩ» አለ ማሙሸት ደንግጦ።

«ነበርክ። ግን ያ ጄኔሬተር እየጮኸ የአጥሩ ማዶ ጥበቃ በሩ ጋ ቁጭ ብለህ አይቶሃል። እሱም አንተም ሰዓቱን እኩል ነው የነገራችሁኝ። ሰዓደት መብራት ስላልነበረ መስኮት ጋ ተጠግቼ አርም ነበር አለችኝ። መብራት እንዳልነበረ ታውቃለች። አቶ ሀብተሚካኤል ግን ከአራት ሰዓት ጀምሮ ኮምፒውተር ላይ እየጻፍኩ አትም ነበር አሉኝ። ይህ ግቢ ጄኔሬተር የለውም።»

ሀብተሚካኤል ፈገግ አለ። «ሰዓት ተሳስቼ ይሆናላ። ጽፌ ጨርሼ ይሆናል መብራቱ የሄደው። ሰው ሲደነግጥ ደቂቃ አይቆጥርም፤ በዚህ ሰው አይከሰስም።»

«ልክ ነው፤ በዚህ ብቻ አይከሰስም» አለች ውባንቺ። «ሀፍሷ፣ ዛሬ የትኛውን ወገን ይዘሽ ነበር የመጣሽው?»

«ይፍረሱ የሚለውን።»

«መቀየሩን የነገረሽ ሰው አለ?»

«ተቀይሮ ነበር እንዴ?» ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። ጋሽ አብደላ እጇን ያዙ።

«ጋሽ ዱባለ ወገኗን የቀየሩት ዛሬ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የሚያውቁት እሳቸውና አባቷ ብቻ ናቸው። አቶ ሀብተሚካኤል፣ እርስዎ ከትናንት ወዲህ አላገኘኋቸውም ብለውኛል። ግን ልጅቷ ለአባቷ ሱቅ ልትሟገት ነበር አሉኝ። ከማን ሰሙ?»

ሀብተሚካኤል አፉን ከፈተ። ሲለዝብ የኖረ ድምፁ ጠፋበት።

ውባንቺ መጽሐፉን ከቦርሳዋ አወጣች። «ሀፍሷ፣ ከደብተርሽ የመጀመሪያውን ገጽ አንብቢልን።» ልጅቷ አነበበች። ውባንቺ ደግሞ ከመጽሐፉ አሥራ ሁለተኛውን ገጽ አነበበች። ቃል በቃል አንድ ነው። ሰዓደት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የሠላሳ ዓመት ማስታወሻቸውን ነው ስምዎን የጻፉበት» አለች ኢንስፔክተሯ። «መጽሐፉ ትናንት ደረሰ፤ ከዚህ በላይ ሊደብቋቸው አይችሉም ነበር።»

ሀብተሚካኤል ያነባበረውን እግር አወረደ።

«ደብተሩ ውስጥ ሊበሰብስ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ስንት ጊዜ ያሳትሙት አልኩ! እኔ ነኝ ለሰው ያበቃሁት። ዛሬ ልነግረው ወጣሁ። መጀመሪያ ስለዚች ልጅ አጫወተኝ፤ ወገኗን ቀየርኩላት ብሎ ሳቀ። ከዚያ መጽሐፉን አነሳሁበት። መነጽሩን አወለቀ። በል አሳምነኝ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ አሥረኛ ክፍል ተማሪ! ተናገርኩ። እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። ስጨርስ ዓይኑን ገልጦ፣ ሰዓቱን እንኳ ሳያቆም፣ አንተ ራስህም አላመንክም አለኝ።»

ፖሊሶቹ በሁለት ጎኑ ይዘውት ወረዱ፤ ደረጃው ከሥራቸው ተንጓጓ። ሀፍሷ አባቷ ደረት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጋሽ አብደላ ጀርባዋን እየደባበሱ «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ» ይላሉ፤ የእሳቸውም ጉንጭ ረጥቧል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጣቢያ ውስጥ ውባንቺ ቃሉን ተቀበለች። ሀብተሚካኤል ድምፁ ተመልሶለታል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነጥብ በነጥብ አስረዳት፤ ምክንያቱን ከድርጊቱ አስቀደመ፤ የት መጻፍ ማቆም እንዳለባት ሁሉ ያውቃል። ሦስት ገጽ ሞላች፤ ጣቶቿ ደነዘዙ። ከዚያ በደንቡ መሠረት ጮክ ብላ አነበበችለት። «...በዚህ ጊዜ ሚዛናቸውን ስተው ከደረጃው ወደቁ» የሚለው ጋ ስትደርስ እጁን አነሳ።

«እስክሪብቶውን ይስጡኝ።»

ሰጠችው። ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ረጅም ጊዜ አየው። «ሚዛናቸውን ስተው ከደረጃው ወደቁ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘና ከላዩ አንድ ቃል ጻፈ፦ «ገፋኋቸው።»

ፈረመ። ውባንቺም እርማቱ አጠገብ የራሷን ፊርማ አኖረች።