«ክር አስገቢልኝ»

«ሚጣ፣ ነይ እስቲ ክር አስገቢልኝ» አለች እናቷ።

ሚጣ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ሐሳቧ ድምፅ ሳታሰማ ወደ መኝታ ቤቷ መሹለክ ነበር። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ በእጇ ትዘመዝማለች። ሚጣ የአፏን ከረሜላ እያደቀቀች ቀረበችና መርፌውን ተቀበለች። አዲሱን ትምህርት ቤት ከጀመረች ወዲህ እናቷ «ዓይኔ ደከመ» ብላለች፤ ክር ማስገባት የሚጣ ሥራ ሆኗል። ክሩ እስኪገባ «ዛሬ ከማን ጋር ዋልሽ?» ብላ እናቷ ትጠይቃታለች። «ከጓደኞቼ ጋር» እያለች ትዋሻለች። ጓደኛ የሚባል አልነበራትም። በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤት ተደብቃ ደወል የምትጠብቅ ልጅ ነበረች።

ዛሬ ግን ሳቂታ፣ ያቺ ክፍሉን ሁሉ በሳቅ የምትገድለው ልጅ፣ «አንቺ ዝምተኛ፣ ነይ እኛ ቤት!» ብላ ጠራቻት። የሳቂታ ወላጆች ሥራ ላይ ነበሩ። ሚጣ፣ ሳቂታና ሌሎች ሁለት የክፍላቸው ልጆች የአባትየውን መጠጥ ከጭማቂ ጋር እየቀላቀሉ ጠጡ። ሚጣ ጥቂት ብትጎነጭ ጉሮሮዋ ተቃጠለ፤ ቢሆንም ስሟን ጠርተው ሲያዋሯት ደስ አላት። ሳቂታ ግን በላይ በላዩ ጠጣች። ሶፋው ላይ ወደቀች፣ አስመለሳት፤ ቢጠሯትም ቢነቀንቋትም አልነቃ አለች።

«ተዋት፣ ስትተኛ ይለቃታል» አለች አንደኛዋ። «ትንፍሽ ያለች ደግሞ ከነገ ጀምሮ አናውቃትም!» በሩን ገርበብ አድርገው እየተጣደፉ ወጡ።

አሁን ክሩ አልገባ አላት። ሚጣ ጫፉን በምራቋ አርጥባ ሞከረች፤ እንደገና ሳተች። እናቷ ቀና ብላ አየቻት፤ የሚጣ ትንፋሽ መጠጥ መጠጥ ሸተታትና ፊቷ ተለዋወጠ። ሚጣ ጥፊ ጠበቀች።

እናቷ መርፌውን ከእጇ ወሰደችና ክሩን በአንድ ጊዜ ሹልክ አድርጋ አስገባችው።

«እንዴ! ይታይሻል እንዴ?» አለች ሚጣ።

«መቼ አልታየኝ ብሎ ያውቃል? ካልጠራሁሽ አጠገቤ አትቀመጪም፤ ምን ላድርግ?» የእናቷ ድምፅ ተቆራረጠ። «መጠጣትሽ አንጀቴን አቃጥሎታል። እሱን ነገ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። አሁን ደህና ነሽ ወይ? የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

የሚጣ ስልክ ነዘረ። «አደራ፣ ዝም!» ይላል ያቺ «አናውቃትም» ያለችው ልጅ የላከችው መልእክት። የነገው እረፍት፣ ያ ሽንት ቤት፣ ያ ደወል ታያት።

«እማ» አለች። «ሳቂታ አልነቃ ብላ ብቻዋን ትተናት ነው የመጣነው።»

እናቷ ቀሚሱን ወንበር ላይ ጥላ ብድግ አለች። «መንገድ ላይ አምቡላንስ እጠራለሁ። ቤቱን ታውቂዋለሽ?»

ሚጣ ለመልእክቱ ሳትመልስ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ከዚያ እናቷን ቀድማ ወጣች።