የተከደነው ድስት

«እማ፣ ተይው! ጨው ከገባበትማ አለቀለት» አለች ልጅቷ፣ እጇን ድስቱ ክዳን ላይ ጭና።

«ጨው የሌለው ዓሣ ለማን ነው? ለድመት?» አለች እናቷ።

«ለአፍንጫዬ።»

ልጅቷ የምትማረው ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ እየኖረች ነው፤ ወላጆቿ ቤት የመጣችው ለዕረፍት ነው። አክስቷ ዓሣ ትሸጣለች፤ ሞኝ ደግሞ አይደለችም። የኩሬ ዓሣ ሲያመጡላት አንድ ቁራጭ ያለጨው ከድና ታበስልና መጀመሪያ የሚወጣውን እንፋሎት ታሸታለች። ጭቃ ጭቃ ካላት ባለቤቱን ከነዓሣው ታሰናብተዋለች።

ልጅቷም ክዳኑን ገለጥ አደረገች። ዝናብ የገባበት ምድር ቤት ሸተታት። ቀመሰችው፤ ያው ጭቃ። ትናንት ምሳ ላይም ይሄንኑ ነበር የቀመሰችው።

ትናንት ግን አባቷ አፍ አፏን እያየ «እሺ እሜቴ፣ እንዴት ነው?» ሲላት «ይጣፍጣል!» አለችው። ደግ ልጅ ናት፤ ደግነት ደግሞ አንዳንዴ ከሞኝነት አይለይም። አባትየው እዚያው ስልኩን አንስቶ «ከከተማ የመጣች ልጄ እንኳ ጣቷን ላሰች!» ብሎ ዓሣውን በጅምላ ልትገዛው ላሰበች ነጋዴ ደወለ። ዛሬ መኪና ይዛ ትመጣለች። አንዴ ጭቃ ከቀመሰች ግን ዳግመኛ እነሱ በር ላይ አትቆምም።

ልጅቷ ድስቱን ይዛ አባቷ ዓሣ ወደሚያረባበት ኩሬ ወረደች። ዳር ዳሩን አረንጓዴ ነገር ለብሶታል። አባቷ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ መረብ ይጎትታል።

«አባዬ፣ ዓሦቹ ጭቃ ጭቃ ይላሉ።»

«የምን ጭቃ? ትናንት ጥርግ አድርገሽ በልተሽ የለም እንዴ?»

«ደስ እንዲልህ ብዬ ነው።»

ሊስቅ ነበር፤ ተወው። መረቡን በአንድ እጁ እንደያዘ ከድስቱ ቆርሶ አላመጠ። «ምንም የለውም! እኔ ምላስ የለኝም?»

«አለህ። ግን አንተና እማ ከዚህ ኩሬ ሌላ ዓሣ በልታችሁ አታውቁም፤ ለምዳችሁታል። እኔም እዚህ እያለሁ አይታወቀኝም ነበር።»

«እና ስንት የለፋሁበትን ልድፋው?»

«አይደፋም። ንጹሕ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ሳይበሉ ጥቂት ቀን ቢቆዩ ይለቃቸዋል፤ አክስቴ ለሰዎቹ ስትነግር ሰምቻለሁ።»

«ሴትዮዋ መንገድ ላይ ናት እኮ! ምን ልበላት? ልጄ ቀላምዳ ነው ልበላት?»

ከበሩ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። አባቷ መረቡን ጨብጦ ቀረ። ዓሦቹ ውስጡ ይንፈራገጣሉ።

«አንተ ምንም አትበላት» አለች ልጅቷ። «የቀላመድኩት እኔ ነኝ።»

ድስቱን ከድና፣ እንዳይቀዘቅዝ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ክዳኑን ሴትዮዋ ራሷ ትክፈተው። ወደ በሩ አቀናች።

ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ውሃው ተንቦጫረቀ፤ አባቷ ዓሦቹን ወደ ኩሬው እየመለሳቸው ነበር። ዞር ብላ አላየችም።